ከሳህኔ የበላችው ዶሮ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ደባርቅ፣ ጤና ጣቢያ፣ እርጉዝ እናቶች በሚመከሩበት ቀን ስለ ሕመሜ እንድናገር ጠይቀውኝ ሄጄ ነበር። ስለ ከሰል ተናገርሁ፤ ስለ ተደፈነ ቤት ተናገርሁ። ሴቶቹ «እግዚኦ!» እያሉ አዳመጡኝ፤ አንዷማ ተነሥታ አቅፋ ሳመችኝ። እቤት ገብቼ ምራቴ ምሳ ስታቀርብልኝ ግን እህሉ አልወርድ አለኝ። የተናገርሁት ግማሹን ነበራ! እኔን የሚያሳዝነኝን ግማሽ። የሚያሳፍረኝን ሆዴ ውስጥ ይዤው ተመለስሁ። እሱን ይኸው እጽፈዋለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ መማሬ ዛሬ ካልጠቀመኝ መቼ ሊጠቅመኝ ነው።

ስሜ ዘነቡ ነው። ደባርቅ ገበያ ጌሾና ብቅል እሸጣለሁ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ጌትነት፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጃናሞራ ሲል፣ ጎንደር ሲል፣ ቤቱ የሚያድረው በወር ጥቂት ቀን ነው። ሚስቱ ትርንጎ የዳባት ልጅ ናት። ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው አረገዘችና፣ እሱ በሌለ ጊዜ ብቻዋን እንዳታድር እኔ ክፍል አብረን ማደር ጀመርን፤ እኔ አልጋዬ ላይ፣ እሷ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ። ትርንጎ ቃል የማታበዛ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ምላሴ ቅርብ ነው፤ ገበያ ውስጥ እንጀራዬን ያበላኝ ምላስ ነውና አልሸሽገውም። ዝም የሚል ሰው አይመቸኝም፤ ምን እያሰበ ይሆን እያልሁ እጨነቃለሁ።

የነገሩ መነሻ ወንድሜ ነው። ፈንታሁን ይባላል፣ ታናሼ ነው። ጉልበቱን ሳንቃ በር ላይ የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ሆኖ ነው የጨረሰው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ አላርፍ አለ። አንድ ጊዜ የእኔ ወንበር ተንጋደደ ብሎ አንዱን እግር ቆረጠ፤ ያኛው ረዘመ፤ ያኛውን ቆረጠ፤ ይኼኛው ረዘመ። እንዲህ እያለ ወንበሬን በርጩማ አደረገውና «አሁን ቀጥ አለ» አለኝ። እንስቅበት ነበር። ልቡ ግን ወርቅ ነው። ያለ እሱ ባሌን የቀበርሁበትን ዓመት አላልፈውም ነበር።

ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጀምር መጣና ክፍሌ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ቤታችን እንደ አገሩ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለው።

«እታለም፣ ይኼ ቤት እኮ ወንፊት ነው» አለኝ።

«የአባታችንም ቤት እንዲሁ ነበር።»

«አባታችን ታዲያ በምን ሞተ? በብርድ!»

«አባታችን የሞተው ዘጠና ዓመት አልፎት ነው፤ አንተ ሰውዬ!»

«ባይበርደው መቶ ይገባ ነበር» አለና ጃኬቱን አወለቀ።

ሦስት ቀን ሠራ። ጭቃ ከጭድ አቡክቶ ክፍተቱን ዙሪያውን መረገው። ከቆርቆሮው ሥር ፕላስቲክ ሸራ ወጠረ። መስኮቱን በስፖንጅ ጠቀጠቀው፤ የበሩን ጠርዝ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ከበበው፤ በሩ ሲዘጋ እንደ ሣጥን ክዳን ጥብቅ ይል ጀመር። በመጨረሻ ከግማሽ በርሜል የተሠራ ትልቅ የከሰል ምድጃ በስጦታ አምጥቶ ከአልጋዬ ግርጌ አስቀመጠልኝ። «ከእንግዲህ ነፋስ ቢመጣ አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚገባ» አለና እጁን አራገፈ።

ያን ጊዜ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ «አጎቴ፣ ጭሱ በየት ይወጣል?» አለችው።

ሁለታችንም ሳቅንባት። «ከሰል ምን ጭስ አለው?» አለ ወንድሜ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል፣ «የዳባት ልጅ ምሕንድስና ተምራ መጥታልናለች!» አልሁ። ጎንበስ ብላ ወጣች። ከሁላችን አእምሮ የነበራት እሷ ነበረች፤ የተሳቀባትም እሷ ናት።

ስለ ከሰል ምንም አላውቅም ነበር ማለት አይደለም። ከሰል እንደሚጎዳ ማን የማያውቅ አለ! ግን እናቴ ያስተማረችኝ፣ ጥቁሩ እያለ አይገባም፣ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ግን ምንም አያደርግም የሚል ነው። እኔም እንደ ሕጉ ሁልጊዜ ውጭ አቀጣጥዬ፣ እንደ በርበሬ ሲቀላ ነው የማስገባው። ያ ሕግ የሠራው የእናቴ ቤት ወንፊት ስለነበር መሆኑን ማን ይንገረኝ! ፍሙ ሳይሆን ነፋሱ ነበር ሲያድነን የኖረው።

ሙቀቱን ወደድሁት፤ አልዋሽም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጠዋት ስነሣ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ግንባሬን በገመድ ጠፍረው የሚያጠብቁብኝ ነው የሚመስለኝ። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ገበያ ወጥቼ እኩለ ቀን ሲሆን ይተወኛል። ማታ ደህና ነኝ ብዬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ያው ነው። ትርንጎም ጠዋት ጠዋት ታስመልስ ነበር። እሷንስ ማን ጠየቃት? ያረገዘች ሴት ናት፣ ማስመለስ ደንቧ ነው ተባለ። አንድ ቀን «እማማ፣ እኔንም እኮ ራሴን ያመኛል» ስትለኝ «እኔ ጌትነትን አርግዤ ገለባ እሸከም ነበር» ብዬ አፏን አስያዝኋት።

መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ደም ወሰዱና ታይፎይድ ነው አሉኝ። እንክብሉን ጨረስሁት፤ ሕመሙ አልጨረሰም። ሌላ ቦታ ሄድሁ፤ ጨጓራ ነው ተባልሁ፤ በርበሬ ተው፣ ቡና ተው። ተውሁ። ሦስተኛው ደም ማነስ ነው አለኝ። ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የማላውቀው ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ይመክረኛል፤ ፌጦ ያላለኝ የለም፣ ነጭ ሽንኩርት ያላለኝ የለም። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጆሮዬ ሥር «ሐኪም የማያገኘው በሽታ የሰው እጅ አለበት» አለችኝ። ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። ቃሉ ግን ልቤ ውስጥ ቤት ሠራ።

ገና ሲቃረብ ጌትነት ጎንደር ወስዶ አስመረመረኝ። መንገዱን ሙሉ በመኪናው መስኮት ነፋስ እየመታኝ ሄድሁ። ሆስፒታል ደርሰን ወረፋ ይዘን፣ ተራዬ ደርሶ ሐኪሟ ዘንድ ስገባ ከሕመሜ አንዱም የለም! የት ነው የሚያምዎት ብትለኝ የምጠቁመው አጣሁ። መረመሩኝ፣ ፎቶ አነሡኝ፤ «እናቴ፣ ምንም የለብዎትም፤ ምናልባት ጭንቀት ይሆናል» አለችኝ። ስንመለስ ልጄ መሪውን ይዞ ፊት ፊቱን ብቻ ያያል። «አስመሰለች ብለህ ነው?» አልሁት። «ኧረ እማ፣ እኔ ምን አልሁ» አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ።

ከጥምቀት በኋላ ጠበል ገባሁ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ሸለቆው ዳር ያለች አንዲት ማርያም ናት። ጠበልተኛው በሸራ ድንኳን ነው የሚያድር፤ ነፋሱ ከዚያ ገብቶ በዚህ ይወጣል። ውርጩ ጥርስ ያንገጫግጫል። ግን ምን ልበላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ራሴ ለቀቀኝ! በሳምንቱ ገደል ወጥቼ ውኃ መቅዳት ጀመርሁ። እልል አልሁ። የእመቤቴን ተአምር አልክድም፤ እዚያ ማደሬ አድኖኛል። ነገር ግን ሰው ያገኘውን ምሕረት ይዞ ዝም አይልም፤ ምክንያት ይፈልግለታል።

አጠገቤ ያለችው ጠበልተኛ ናት የፈለገችልኝ። «እዚህ ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

«ጥሬ። የነከርሁት ሽምብራ።»

«ማን ነከረው?»

«እኔው ራሴ።»

«እቤትሽስ የምትበይውን ማን ይሠራዋል?»

«ምራቴ» አልሁ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም።

በሁለት ሳምንቴ እቤት ስመለስ ትርንጎ ፊቷ ፈክቶ፣ ጉንጯ ሞልቶ ተቀበለችኝ። ለካ እኔ በሌለሁበት «የእማማን ከሰል ለብቻዬ አላነድም» ብላ ምድጃውን አልነካችውም፤ ሁለት ጋቢ ደርባ ነበር የምታድረው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ያየሁት ሌላ ነው። እኔ ስሄድ ተመቻት፣ አልሁ። ያን ማታ ለእኔ ክብር ምድጃው ጢም ብሎ ነደደ። በሁለተኛው ጠዋት ሕመሙ ተመለሰ።

አንዲት ቀይ እንቁላል ጣይ ዶሮ ነበረችን። ትርንጎ ናት ከጫጩት ያሳደገቻት። በሦስተኛው ማታ ውርጩ ስለጠና፣ እንዳይገድላት በቅርጫት አድርገን ምድጃው አጠገብ ልናሳድራት ከጓዳ አመጣናት። ያን ማታ ትርንጎ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ አላሰኘኝም፣ ጥቂት ቀምሼ ሳህኑን መሬት ላይ አኖርሁት። ዶሮዋ ከተረፈው ለቀመች፤ አየኋት። ጠዋት ስነቃ ዶሮዋ ቅርጫቷ ውስጥ አንገቷን ዘርግታ ሞታለች።

ከሳህኔ የበላች ዶሮ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ራሴ እየዞረብኝ ግድግዳ ይዤ ደጅ ወጣሁና «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽሁ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ «ዘነቡ፣ ረጋ በይ» አሉኝ። ማን ይሰማቸዋል! የተረፈውን ሽሮ አንሥቼ ትርንጎ ፊት አቀረብሁና «ቅመሺው!» አልኋት።

አየችኝ። ከዚያ ዶሮዋን አየች። «እማማ...» አለች።

«ቅመሺ ብዬሻለሁ! ለእኔ ያበላሽውን ብዪ!»

ተቀምጣ በላችው። ያደረውን፣ የደረቀውን፣ ጎረቤት ሁሉ እያያት፣ እንባዋ እንጀራው ላይ እየተንጠባጠበ ሳህኑን አጸዳችው። ምንም አልሆነችም። ሐጂ ሰይድ «እንግዲህ አየሽ አይደል?» ቢሉኝ፣ እኔ «ማርከሻውን ቀድማ ጠጥታለች» አልሁ። አዎን፣ ብያለሁ። በዚህች አፌ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው፤ ያን ቃል እስካሁን አፋፉ ላይ ቆሜ አየዋለሁ፤ የምመልስበት መንገድ የለም።

ወዲያው ነጠላዋን ለበሰች፣ ልብሷን በሻሽ ቋጠረች፣ ዳባት ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ስትወጣ በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ በቀስታ ነው የዘጋችው። ላስቲኩ ጥብቅ አለ። ጌትነት ማታ ደወለ። «እማ፣ ምን አደረግሽ?» አለ፤ የምመልሰውን ሳይሰማ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ መኪናውን በደጄ እያሳለፈ ዳባት ነበር የሚያድር።

ከሄደች በኋላ ሕመሙ ባሰብኝ። «መርዙ ደሜ ውስጥ ገብቷል» እያልሁ አስወራሁ። ዓይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ ዳዋውን መትቼ ስጨርስ ዓይጧ አልጋዬ ግርጌ ፍም ሆና ትስቅብኛለች። ወንድሜ አሳዝኜው «እኔ አስታምምሻለሁ» ብሎ የትርንጎ መደብ ላይ ማደር ጀመረ። ምድጃውንም ወደ መደቡ አስጠጋው። ለእኔ ብሎ ከሰሉን አብዝቶ ነበር የሚጨምር፤ ደግ ነው ብያችኋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄ አልተከፈተም። ሐጂ ሰይድ «ዘነቡ እኮ ታማ እንኳ ቅዳሜ አትቀርም» ብለው መጡ። ቢጠሩ መልስ የለም፤ በሩን ቢገፉት ላስቲኩ ይዞ እምቢ አለ። በትከሻቸው ገጭተው ገቡ። እኔ አልጋው ላይ አቃስታለሁ። ወንድሜ ከመደቡ ሊነሣ ሲል ወድቆ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ አስመልሶት ነበር፤ ቢጠሩት አይሰማም። እሳቸውና ልጆቻቸው ጎትተው ደጅ አወጡን። ከዚህ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው፤ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከዚያ ደግሞ የባጃጅ ጣሪያ።

ሆስፒታል የተቀበለን አንድ ወጣት ጤና መኮንን ነው። አፍንጫችን ላይ ኦክስጅን ገጠመልን። የክሊኒክ ወረቀቶቼን አገላበጠና «እናቴ፣ ጨጓራ አይጋባም። ሁለት ሰው በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ሕመም ከወደቀ እኔ በሽታውን ሰውየው ላይ አልፈልግም። ቤቱ ላይ ነው የምፈልገው። ከሰል ታነዳላችሁ?» አለ።

ነገርሁት። ፍም ከሆነ በኋላ ነው የማስገባው አልሁት፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

«ፍሙ ነው የሚገድለው» አለኝ። ከሚነድ ከሰል የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር አለ፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ለንጹሕ አየር የተተወውን ወንበር ቀድሞ ይይዛል፤ ንጹሑ አየር መሳፈሪያ ያጣል። ደጅ ወጥተው ነፋስ ሲያገኝዎት ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ስለዚህ ነው ጎንደር ሲደርሱ የዳኑት፣ ጠበል ቦታም የዳኑት አለኝ። እያንዳንዱን ሲነግረኝ አንድ አንድ በር ይከፈትልኛል። ዶሮዋ ትዝ አለችኝ። ጠየቅሁት። «ወፍ ከሰው ቀድሞ ነው የሚሞተው፤ ምድጃው አጠገብ ከሆነችማ አታድርም» አለ።

ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ «እቤቱ ሌላ ማን ያድራል?» አለኝ።

«ምራቴ ነበረች። አሁን የለችም።»

«እሷስ ታማ ነበር?»

«ታስመልስ ነበር... ግን እርጉዝ ናት» አልሁት።

መጻፉን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። «ስንት ወሯ ነው? የት ነው ያለችው? አሁኑኑ ትመርመር፤ ፅንሱ ከእናቱ ይልቅ ነው የሚጎዳው» አለ።

እኔ እኮ የራስ ሕመም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ያን ሰዓት ነው ሕመም ምን እንደሆነ የገባኝ። አጠገቤ ወንድሜ ነቅቶ ሁሉንም ሰምቷል። ኦክስጅኑን ከአፍንጫው አንሥቶ «እታለም፣ እኔ ነኝ፤ ጭሱ በየት ይወጣል ብላኝ ነበር እኮ» አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። በምን አፌ! እሱ ቀዳዳ ነው የደፈነው። ልጅቷን በመርዝ የከሰስኋት እኔ ነኝ።

ጌትነት ያንለት ትርንጎን አስመረመራት። የፅንሱ ልብ ይመታል አሉ። ጉዳት ይኑር አይኑር ግን እስኪወለድ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ተባለ። ወሯን ቆጠርሁ፤ እስከ ግንቦት ሦስት ወር ነበር።

ወንድሜ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ቀን መጥረቢያ ይዞ መጣና፣ ያን ያማረ ምርጉን ዙሪያውን አፈረሰው። ላስቲኩን ነቀለ፣ ሸራውን ቀደደ። ሲጨርስ ነፋሱ ገብቶ ፊታችንን መታን። ዛሬ ወንድሜ ደባርቅ ውስጥ የማንም ቤት ሲገባ ሰላምታ ሳያደርስ ነው ወደ ጣሪያ የሚያንጋጥጥ፤ «በየት ይወጣል?» ይላል። ሰው ይስቅበታል። ይሳቁበት፤ እሱም ግድ የለው።

እኔ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። አባ ሰምተው ሲጨርሱ «ይቅር በሉኝ ብለሽ እኔ ዘንድ ከመጣሽ ተሳስተሻል። የበደልሻት ዳባት ነው ያለችው» አሉኝ። እሳቸውና ሐጂ ሰይድ ሽማግሌ ሆኑልኝና ሄድን። በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ይሸከማል። ልጅ ለአባቱ ይሸከማል፤ አማት ለምራቷ ስትሸከም ግን አላየሁም፣ አልሰማሁም። ከመንገድ ዳር አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና የነዚያ ሰዎች ደጃፍ ላይ ተንበረከክሁ። የመንደሩ ሰው ይቆማል፣ ያያል። እኔም እሷን ሰው ፊት ነበር ያቆምኋት።

አባቷ ወጥተው አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። እናቷ ከውስጥ «የመርዘኛዋ አማት ናት? ምን ቀረኝ ብላ መጣች?» አሉ። ይገባኛል። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስተካከልሁ።

ትርንጎ ሆዷን ይዛ ወጣች። መጥታ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣች።

«ኧረ ተይ፣ አንቺ እንዳትሸከሚ!» አልኋት፤ ደነገጥሁ።

«ለእርስዎም ወገብ አይሆንም» አለችኝና መሬት አኖረችው። «ከወለድሁ በኋላ እመጣለሁ» አለች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሦስቱን ወር እንዴት እንዳሳለፍሁት ልናገር አልችልም። የእኔ ራስ ምታት በጥቂት ሳምንት ለቀቀኝ፤ ጉልበቴም ተመለሰ። ሐኪሙ «ድነዋል» አለኝ። ማታ ማታ ግን ዓይኔን ስጨፍን ትርንጎ ያን የደረቀ ሽሮ ስትበላ አያታለሁ። ወንድሜ ሊያጽናናኝ ብሎ «እታለም፣ ብታስቢው እኮ ስላባረርሻት ነው ከዚያ ቤት የወጣች፤ ሳታስቢው አዳንሻቸው» አለኝ። ገበያም ውስጥ እንዲሁ ያሉኝ አሉ። «ዝም በል!» አልሁት። እግዚአብሔር የእኔን ክፋት ለደግ ከተጠቀመበት ምስጋናው የእሱ ነው። እኔ በሩን ሳሳያት የማድናት መስሎኝ አልነበረም። ይህን ቃል እንደ ማስታገሻ ልውጠው ብፈልግ በቀላሉ የሚወርድ ነው፤ ለዚያ ነው የምፈራው።

ግንቦት ላይ ዳባት ወለደች። የማዋለጃው ክፍል ደጅ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። እናቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለታችንም አንነጋገርም። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ፤ ጠንካራ፣ የተቆጣ ልቅሶ። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እናቷ ተነሥተው ክንዴን ይዘው አነሡኝና «ሴት ናት አሉ፤ ሁሉ ነገሯ ደህና ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያናግሩኛል።

ክርስትና ከተነሣች በኋላ ትርንጎ ቃሏን ጠብቃ ልጇን አዝላ መጣች። በመጣች በመጀመሪያው ቀን ምሳ አቀረበችልኝ። ሳህኑን ፊቴ ካኖረች በኋላ ጎንበስ አለችና ከጫፉ ቆረሰች፣ ወጡን አጠቀሰች፣ ጎረሰች፤ እያየኋት ዋጠች። ከዚያ «ይብሉ እማማ» አለችኝ።

ቁጣ የለበትም፣ ማሽሟጠጥ የለበትም። ዝም ብላ ነው። ማታም እንዲሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ውኃም ስታመጣልኝ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። «ተይ ልጄ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ አትቅመሺ» አልኋት። «እሺ» አለችኝ፤ እራት ላይ ግን ቀመሰች። እጇ ለምዶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ ወጊዋም አልረሳሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ በሳህን ይቀርብልኛል። ጤና ጣቢያ ተናግሬ በተመለስሁበት ቀን እህል አልወርድ ያለኝም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የምታነቡኝ ሰዎች፣ በተለይ የብርድ አገር ሰዎች፣ ስለ ከሰሉ ሐኪሞች ከእኔ የተሻለ ይነግሯችኋል። በተዘጋ ቤት ከሰል ይዛችሁ አትደሩ፤ ፍም ነው ብላችሁ አትታለሉ፤ የሚያሳምማችሁ ቤት ውስጥ ብቻ ከሆነ ቤቱን ጠይቁት። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ሕመማችሁ ስም ሲያጣ የሰው ስም አትስጡት። ዝም ያለውን ሰው ደግሞ ጠይቁት፤ እሱንም እያመመው ሊሆን ይችላል።

ይህን መጻፍ የጀመርሁ የዛሬ ሳምንት ነው። ትናንት ከገበያ ደክሞኝ ገባሁ። ትርንጎ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ ጎንበስ ብላ እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ከጓዳ ጩኸቷን ለቀቀችው። ትርንጎ «መጣሁ፣ መጣሁ!» እያለች ሮጠች። ስታባብላት፣ ጡት ስትሰጣት ይሰማኛል። አልተመለሰችም።

ሳህኑን አየሁት። ጫፉ አልተቆረሰም። ቆረስሁና በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጠርጌ ጨረስሁት።

ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትመጣ ባዶ ሳህን አገኘች። እሱን አየች፣ እኔን አየች፤ የሆነ ነገር ትዝ ያላት መሰለኝ። «ልጨምርልዎት?» አለችኝ።

«ጨምሪልኝ» አልኋት።

ጨመረችልኝ። እሱንም አልቀመሰችውም።